ከኮረብታው የወረደ አፈር

ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ኀዘናችንን የተካፈላችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የተከበሩ ቄስ ክላውሰን፣ ከሁሉም በላይ እህቴ ሲግኔ፦ የአቶ ቶርኪልድ ቦንደሰንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ፣ የባለቤታቸው ወንድም፣ ከአጥራቸው ማዶ የምኖረው ጎረቤታቸው ሆልገር ራስክ ነኝ። ታዘዝሁ ያልሁት አውቄ ነው። "ቄሱ ያንብቡት፣ እኔ ለዚህ አልሆንም" ብዬ ነበር። ሲግኔ ግን፣ "ዕድሜህን ሙሉ በአጥር ላይ አንገትህን አስግገህ ስታየው የኖርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ከአንተ የበለጠ ማን ያውቀዋል?" ስትለኝ ወረቀቱን ተቀበልኋት። በሕይወት ሳሉ አንተ ተባብለን የኖርን እኩዮች ብንሆንም፣ ዛሬ እንደ ወጉ አንቱ እያልሁ አነባለሁ። በመካከሉ የቅናት ቃል ካመለጠኝ ደግሞ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ጠባዬን ያውቃልና አይደንግጥ።

አቶ ቶርኪልድ ከአባታቸው ከአቶ ጄንስ ፒተር ቦንደሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማረን፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ወራት፣ እዚሁ ምዕራብ አዮዋ ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በተሠራው ቤት ተወለዱ። አባታቸውና አባቴ ከዴንማርክ በአንድ መርከብ የመጡ ባልንጀሮች ነበሩ። አባቴ ባቡር ጣቢያው ላይ የጠፋ ሻንጣውን ሲፈልግ በዋለበት ቀን የእርሳቸው አባት ቀድመው ደርሰው ኮረብታውን ስለመረጡ፣ ለእኛ ከሥሩ ያለው፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር የሚጥለቀለቀው፣ ከመንገድ በኩል ደግሞ በአኻያ ዛፍ የተጋረደው ረባዳ ደረሰን። እኔ የተወለድሁት በተከታዩ ጸደይ ነው። እንግዲህ ቶርኪልድ መቅደም የጀመሩት ገና ሳይወለዱ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንገዱ ዳር በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በንባብ ጎበዝ ነበሩ፣ በሒሳብም እንዲሁ፤ ይህን ይሁን ብዬ አልፈዋለሁ። መምህርታችን ግን ሰሌዳው ላይ መስመር ማስመር ባስፈለጋቸው ቁጥር ማስመሪያውን ትተው "ቶርኪልድ፣ ና" ይሉ ነበር። እርሳቸውም ተነሥተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዓይናቸውን ከጠመኔው ላይ ሳይሆን መስመሩ ሊደርስበት ከሚገባው ጫፍ ላይ ተክለው፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ተወጠረ ክር ያሰምሩታል። አንድ ቀን እኔም ልሞክር ብዬ ወጣሁ። መሐል ላይ ስደርስ መስመሩ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ፤ ላቃናው ስል ደግሞ ወደ ላይ ሸሸ፤ ክፍሉም በሳቅ አውካካ። ቶርኪልድ አልሳቁም። "ጫፉን እያየህ ሂድ እንጂ እጅህን አትመልከት" ብለው መከሩኝ። የሌሎቹን ሳቅ ከረሳሁ ቆየሁ፤ ይህ ምክር ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አባታቸው ሲደክሙ እርሻውን ተረክበው በመላው አውራጃ የታወቁት በዚያው በቀጥታ መስመር ነው። ያን ጊዜ በቆሎ የሚዘራው ቋጠሮ ቋጠሮ ያለበትን ረጅም ሽቦ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሮ፣ በፈረስ የሚጎተተውን መዝሪያ በሽቦው ላይ በመንዳት ሲሆን፣ መዝሪያው ቋጠሮ በነካ ቁጥር ዘር ይጥላል። ሽቦውን እንደሚገባ የወጠረ ሰው በቆሎው በርዝመትም፣ በወርድም፣ በሰያፍም ተሰልፎ ይበቅልለታል። ቶርኪልድ ሽቦውን ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም ነበር። ፈረሶቻቸው እንኳ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእኔ ፈረሶች ይልቅ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር።

የእሑድን ነገር ታውቁታላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ ሰው ሁሉ ቤተሰቡን በመኪና ጭኖ የጎረቤቱን ማሳ ሊያይ ይወጣል፤ መኪናው በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ አካሄድ እየተንፏቀቀ፣ የማን መስመር ተጣመመ፣ የማን ማሳ አረም በላው እየተባለ ሲታማ ይዋላል። ቶርኪልድ መስመራቸውን ከኮረብታው አናት ወደ መንገዱ ቁልቁል የዘረጉት ለዚሁ ነበር፤ በመኪና የሚያልፍ ሰው ቀና ሲል ከእግሩ ሥር እስከ ሰማዩ ጫፍ እንዲያየው። መኪኖቹም እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ሴቶቹ በመስኮት አንገታቸውን ያወጣሉ፣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው "ወይ ጉድ!" ይላሉ። ከዚያ ተነሥተው እኔ ጋ ሲደርሱ ማርሽ ቀይረው ይፈተለካሉ! የእኔ በቆሎ ከእርሳቸው ይልቅ ቁመቱ ረዘም፣ ቅጠሉ ጠቆር ያለ ነበር፤ ግን ከአኻያው ጀርባ ነዋ! ማን ይየው? አንድ መኪና፣ ኧረ አንዲት መኪና እንኳ ለእኔ ማሳ ብላ ትቁም ብዬ ስንት እሑድ በረንዳ ላይ እንደ ተቀመጥሁ ባለቤቴ ሜታ ትመስክር።

ወደ ትዳራቸው ስንመጣ፣ ቶርኪልድ የሌላቸው እኔ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ጥሩ እህት ነበር፤ እርሷንም ወሰዱብኝ። ሲግኔ አንድ እሑድ በአባታችን መኪና ተቀምጣ በኮረብታው ሥር ስናልፍ፣ "አባዬ፣ እስቲ አቁምልኝ" አለች። አባቴ ማሳውን ልታይ መስሎት አቆመ። እርሷ ግን መስመሩን ሳይሆን በመስመሩ ጫፍ የቆሙትን ሰውዬ ነበር የምታየው፤ እርሳቸውም ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሚቀጥለው ዓመት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው፣ በሰላምና በፍቅር ሲኖሩ ወንድ ልጃቸውን ኤይናርንና ሴት ልጃቸውን ላቮንን አፍርተዋል።

ከዚያ ክፉው ዘመን መጣ። የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ከድንጋይ ከሰል ስለረከሰ በየምድጃችን በቆሎ እያነደድን የከረምንበት፣ መንግሥትም ዋጋው እንዲያንሰራራ "ጥቂት ዝሩ፣ ለተዋችሁት እንከፍላችኋለን" ያለበት ጊዜ ነበር። ማሳ የሚለኩ ሰዎች ተልከው መጡ። የቶርኪልድ መስመር ቀጥ ያለ ስለሆነ ሥራቸውን ጨርሰው ቡናቸውን ከሲግኔ ኬክ ጋር ጠጥተው ሲሄዱ፣ እኔ ጋ ሲደርሱ "ይህ መስመር ወዴት ነው የሚሄደው?" እየተባባሉ ሲለኩ፣ ሲሰርዙ፣ እንደገና ሲለኩ ዋሉ። የኤሌክትሪክ መስመር በተዘረጋም ጊዜ ምሰሶዎቹ የመጡት በኮረብታው በኩል ስለነበር መብራት መጀመሪያ የበራው እነርሱ ቤት ነው። እኔና ሜታ በላምባ ፋኖስ እየተጨናበስን እራት ስንበላ ያ ኮረብታ ከላያችን ሲያበራ ምን እንደ ተሰማኝ፣ አለመናገሩ ይሻላል።

ጦርነቱ ሲነሣ ደግሞ ያው መንግሥት "ከአጥር እስከ አጥር ዝሩ፣ ዓለም ተርቧል" አለ። ቶርኪልድ በዚያ ዘመን ትራክተር ገዝተው ፈረሶቻቸውን ሸጡ፤ ፈረሶቹ በመኪና ተጭነው በተወሰዱ ዕለት ጋጣው ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው መዋላቸውን ሲግኔ ነግራኛለች። ከዚያም በአባታቸው ጊዜ ማረሻ ያልነካውን የኮረብታውን ግጦሽ ገልብጠው፣ እንደ ልማዳቸው ከአናቱ በአንድ በኩል እስከ መንገዱ፣ በሌላው በኩል እስከ እኔ አጥር ቁልቁል፣ ቀጥ አድርገው ዘሩት። ጎበዝ፣ እንዴት ያምር ነበር! አስቡት እስቲ፣ የተራራ ቁልቁለት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማለት ለዝናብ የተዘጋጀ ቦይ ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ነገር ግን እሑድ እሑድ የሚቆመው መኪና በዝቶ ነበር፤ እንኳን እርሳቸው እኔም ብሆን ከመኪናና ከአፈር የትኛውን እንደምመርጥ እንጃ።

ዝናቡ በመጣ ቁጥር ጥቁሩ አፈር በየመስመሩ እየተንኳለለ ወርዶ በአጥሩ በኩል ወደ እኔ ማሳ ይገባ ጀመር። የአጥሩ ችካሎች እስከ አንገታቸው ተቀብረው ላሞች እየረገጡት ማለፍ ሲጀምሩ በላዩ ሌላ አጥር ሠራሁ፤ ያም ሊቀበር ተቃረበ። የእኔ በቆሎማ ምን ልበላችሁ! ሰው በፈረስ ቢገባበት የማይታይ ሆነ፤ በአውራጃው የምርት ውድድር አንደኛ ወጣሁና ባለ እጀታ ዋንጫ ተሸለምሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶርኪልድን ቀደምሁ ማለት ነው። ዋንጫውን አጥሩ ላይ አስቀምጬ ችካል የምጠግን መስዬ ስጠብቃቸው፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

"እንኳን ደስ አለህ፣ ሆልገር" አሉኝ።

"እግዜር ይስጥህ" አልሁ፤ ደስታዬ ፊቴ ላይ አላስቀምጥ ብሎኝ።

ጎንበስ ብለው ከእኔ በኩል አንድ እፍኝ አፈር ዘግነው በጣታቸው ፈተጉት። "ይህ የማን ይመስልሃል? አምና እኔ ጋ ነበር" አሉ።

"አጥሩን ካለፈ የእኔ ነው" አልኋቸው።

"እንዴት ሆኖ? ላሜ አጥር ዘላ ብትገባብህ ትመልስልኝ የለም? አፈሬንም መልስ!"

ይህን ብለው ዋንጫውን አንሥተው፣ አገላብጠው አይተው፣ መልሰው አስቀመጡትና ሄዱ። ዋንጫው ከዚያ ዕለት ጀምሮ የእኔ መስሎኝ አያውቅም። እርሳቸውም በየሄድሁበት፣ በወፍጮ ቤቱም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም፣ በሰው ፊት "ሆልገር፣ አፈሬን መቼ ነው የምትመልሰው?" እያሉ ሲያስቁብኝ ኖሩ።

ሰላም ሲወርድ የኮረብታው አናት ሣሥቶ ከሥሩ ያለው ቢጫ አፈር እንደ ራሰ በራ ሰው ወጣ። በቆሎው እዚያ ላይ ጉልበት ድረስ እንኳ አልደርስ አለ። ልጃቸው ኤይናር ከውትድርና ተመልሶ ሚስት ሊያገባ የሚያስብበት ጊዜ ነበርና፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት እኔም ባለሁበት፣ "አባዬ፣ እኔ ቢጫ አፈር ለመውረስ አልቆይም። ደሞይን ከተማ ያለው የጎማ ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው" አለ። ቶርኪልድ ድንቹን መቁረጣቸውን አላቋረጡም፤ ሲግኔ ግን ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። በዚያ ዘመን ከየቤቱ ልጅ ይሄድ ነበር፤ የሄደም አይመለስም፤ ቤቱ ይዘጋል፣ መሬቱን ትልቁ ጎረቤት ይጠቀልለዋል። ቶርኪልድም ልጃቸውን ካጡ ያ ሁሉ ቀጥ ያለ መስመር ለማን እንደሚቀር ያውቁ ነበር።

በመንግሥት የአፈር ጥበቃ ቢሮ የሚሠራ ሌላንድ ክረም የሚባል ትሑት ሰው ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ መነጽሩን ይዞ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ሌላንድ ውኃ ልኩን እየተመለከተ ኮረብታውን ዙሪያውን በእንጨት ችካል ምልክት ካደረገ በኋላ፣ መስመሩ ቁልቁል መውረዱ ቀርቶ ኮረብታውን እንደ ቀበቶ መዞር እንዳለበት፣ በየመሐሉም የሣር ቀበቶ መተው እንደሚያስፈልግ አስረዳ። ቶርኪልድ ችካሎቹን አይተው ፊታቸው ቀላ። "ሰካራም እንዳረሰው? በእሑድ ሰው ሁሉ እያየኝ?" አሉ። ሲግኔ "አፈር ስሆን ቶርኪልድ፣ ልጃችን ሊሄድ ነው" ብላ ለመነች። እርሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ጋጣ ሄዱ፤ ነገሩም በዚህ ሁኔታ ጸደይ እስኪቃረብ ሳይቆረጥ ቆየ።

እኔ ከታች ሆኜ ችካሎቹን ሳይ ነገሩ ገባኝ። መስመሩ ከዞረ አፈሩ ይቆማል፤ አፈሩ ከቆመ የእኔ በቆሎ እንደ ማንም በቆሎ ይሆናል። ስለዚህ ካፖርቴን ለብሼ ኮረብታውን ወጣሁና፣ እስከዚያ ቀን በሕይወቴ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ቶርኪልድን አመሰገንኋቸው!

"እንደ አንተ ያለ መስመር በመላው አዮዋ የለም" አልኋቸው። "የቢሮ ሰው እንዳያሳስትህ። ቀጥ አድርገህ ግፋበት፣ ይህ እኮ የአገር ክብር ነው።"

ዘይት እየቀቡ የነበረውን መዝሪያ ትተው ቀና አሉና ፊቴን ትክ ብለው አዩት። "ሆልገር፣ አሞሃል እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"ከትምህርት ቤት ጀምሮ አንዲት በጎ ቃል ከአፍህ ወጥታ አታውቅም። ሜታ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ምነው፣ ሰው ጎረቤቱን አያመሰግንም?"

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ወደ ታች፣ ወደ እኔ ማሳ ተመለከቱ፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ዞረው ጮኹ፦ "ሲግኔ! ለሌላንድ ስልክ ደውይ! ሆልገር መስመሬን አመሰገነ፤ ተዘርፌያለሁ!"

በዚያው ሳምንት ሽቦውን ጠቅልለው ጣራ ሥር ሰቀሉት። ኮረብታውንም እየዞሩ ዘሩት። የመጀመሪያው እሑድ ሲደርስ እንዳይታዩ ጋጣ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ግን ከበረንዳዬ አልተነሣሁም። መኪኖቹ መጥተው ቆሙ። "ቶርኪልድ! ስትዘራ ቢራ ላይ ነበርክ እንዴ?" ብሎ አንዱ ሲጮህ ሰማሁ። ሳቁ እስከ እኔ ድረስ መጣ፤ ደስ አላለኝም አልልም። ያ ደስታ ግን የቆየው ዶፉ ዝናብ እስኪጥል ብቻ ነው። በዚያ ዝናብ የአውራጃው ኮረብታ ሁሉ በጭቃ ሲታጠብ የእርሳቸው ኮረብታ ውኃውን ጠጥቶ ዝም አለ፤ በአጥሬ በኩል የወረደው ውኃ እንደ ምንጭ የጠራ ነበር። እኔ ቆሜ አየሁት። አንዲት ቅንጣት አፈር አልነበረበትም።

በቆሎው ሲያድግ፣ አረንጓዴው መስመር ከሣሩ ቀበቶ ጋር እየተፈራረቀ ኮረብታውን ሲጠመጥም፣ ሰው መሳቁን ትቶ ከበፊቱ የበለጠ ይቆም ጀመር። ከዋና ከተማው በአውሮፕላን መጥተው ፎቶግራፍ አነሡትና በቀን መቁጠሪያ ላይ አወጡት። ያ ቀን መቁጠሪያ በእህል ማኅበሩ ቢሮ፣ በፀጉር አስተካካዩ፣ በጥርስ ሐኪሙም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ በሄድሁበት ሁሉ ፊት ለፊቴ ነበር። አጣምመው እንኳ ተመሰገኑ እኮ! እኔ ዕድሜ ልኬን ጠማማ መስመር ስዘራ ማን ፎቶ አነሣኝ? ምርቴም ቀነሰና፣ ቀድሞ ዝናቡ በነጻ ያመጣልኝን ነገር አሁን በከረጢት እየገዛሁ መበተን ጀመርሁ። ኤይናር ግን ደሞይን አልሄደም። አግብቶ ከኮረብታው ጎን ቤት ሠራ። ቶርኪልድ ያሰቡትን አገኙ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትራክተሩና አዲሱ ዘር ተባብረው አገሩን በበቆሎ አጥለቀለቁት። መንግሥትም ማኖሪያ አጥቶ በሐዲዱ ዳር የብረት ጎተራ ሲደረድር ከከረመ በኋላ፣ መሬት ለሚያሳርፍ ገበሬ እንደገና መክፈል ጀመረ። ቶርኪልድ የኮረብታውን አናት ለሣር ትተው እዚያ ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር ተከሉ፤ እንግዲህ ቁጭ ብለው ይከፈላቸው ነበር። ይህም ሲገርመኝ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ወንበር ላይ ከሲግኔ ጋር ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱና ለመኪኖቹ ሰጥተው፣ ቁልቁል ወደ እኔ ማሳ ያዩ ነበር። አፈራቸውን እየጠበቁ ነው ብዬ ደሜ ይፈላ ነበር። አንዳንዴ ሆን ብዬ በበቆሎው መሐል ወዲያ ወዲህ እላለሁ፤ ባርኔጣቸውን ያነሡልኛል፤ እኔም አላየሁም ብዬ አልፋለሁ።

ባለፈው ክረምት የልብ ድካም አደረባቸው። ኦማሃ ሄደው ከታከሙ በኋላ ሐኪሞቹ ቤታቸው ሄደው ይረፉ ስላሉ፣ አልጋቸው በጓሮው በኩል፣ ወደ እኔ ማሳ በሚያሳየው መስኮት ሥር ተዘረጋ። እኔም "ለመሆኑ የሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ አፈሩን ይጠብቃል?" ብዬ ለሲግኔ ኵርፊያዬን ስነግራት፣ እህቴ እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ።

"አንተ ሞኝ" አለችኝ። "ምን የሚጠብቅ መስሎሃል? ሁልጊዜ እሑድ ምሳ እንደ በላን 'ነይ፣ የሆልገርን በቆሎ እንይ' ይለኛል። 'ከመንገድ አይታይም፤ እኛ ካላየንለት ማን ያይለታል?' ነበር የሚለው።"

"ውሸትሽን ነው" አልኋት።

"ከዚያ ወንበርና ከመኝታው መስኮት በቀር ማሳህ የሚታይበት ቦታ አለ? እስቲ ንገረኝ።"

የለም። ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት መኪና ስጠብቅ የኖርሁ ሰው፣ ከላይ በየሳምንቱ የሚታይልኝን ነገር አላወቅሁም ነበር። ወደ መኝታቸው ስገባ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳይነቅሉ፣ "በቆሎህ አበባ አወጣ" አሉኝ። "አወጣ" አልኋቸው። "ዘንድሮ ከሁሉም ዓመት ያምራል። መስመሩ ግን አሁንም ጠማማ ነው" አሉ፤ እንደ ትምህርት ቤቱ ጊዜ ሳይስቁ። ከዚያም "አፈሬን መቼ ነው የምትመልሰው?" ሲሉኝ፣ "ሰሞኑን" ብዬ መለስሁ። የተነጋገርነው መጨረሻው ይኸው ነው። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ የወተት መኪናው መጥቶ በሄደ ሰዓት፣ ሲግኔ እጃቸውን እንደያዘች በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

አቶ ቶርኪልድ ቦንደሰን በቤተሰባቸው የሚታመኑ አባወራ፣ ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ ሲሠራ ውኃ ልኩን የያዙ ሽማግሌ፣ የተሳሳቱትን በገዛ እጃቸው ለማረም ያላፈሩ ገበሬ ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከቀን መቁጠሪያው የበለጠ ያስቀናኛል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን ሲግኔን፣ እዚያው ኮረብታ ላይ የሚያርሰውን ልጃቸውን ኤይናርን ከነባለቤቱና ከነልጆቹ፣ በኦማሃ መምህርት የሆነችውን ልጃቸውን ላቮንን፣ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የመጡትን ታላቅ እህታቸውን ወይዘሮ አስትሪድን፣ ከአጥራቸውም ማዶ አንድ ሰው ትተዋል። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ያ ሰው በቆሎውን ማን ያይለት ይሆን? ይህን ጥያቄ ለማንም አላቀርብም፤ ብቻ ካነበብሁ አይቀር ልበለው ብዬ ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የአገልጋዩን የቶርኪልድን ነፍስ በማይታጠብ ምድር ላይ ያሳርፍ፤ ለሲግኔና ለልጆቻቸው፣ ለእኛም ለቀረነው መጽናናትን ያድለን። አሜን።

አሁን ወደ መቃብሩ ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር አለ። ቄሳችን በሳጥኑ ላይ ሦስት ጊዜ አፈር ይበትናሉ፤ የመቃብር ስፍራው አፈር ደግሞ አሸዋ ነው፤ ቶርኪልድ ቢያዩት ለዘር አይሆንም ይሉ ነበር። ስለዚህ ቄስ ክላውሰንን አስፈቅጄ፣ ዛሬ ጠዋት ከአጥሩ ሥር፣ ከተቀበሩት ችካሎች አጠገብ ቆፍሬ በወተት ባልዲ አፈር ሞልቼ አምጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለው ያ ነው፣ በእግራችሁ እንዳትደፉት። በእኛ ልማድ አፈሩን ገለባ ያድርግለት ይባላል። ይህን ግን እኔ አልልም፤ ይህ አፈር ገለባ አይሆንም፤ ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ቢቀልባቸው ቶርኪልድ ራሳቸው ይቆጡኛል።

ባልዲው ትልቅ አይደለም፤ ተካክለናል አልልህም። ግን አፈርህን አምጥቻለሁ፣ ቶርኪልድ።